ቴምፐራ ምንድን ነው? የቻይና ሠዓሊዎችስ ለምን ወደዱት?

እንቁላሉ ተሰብሮ ነጩ ከተለየ በኋላ አስኳሉ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተገላበጠ፣ በየመሃሉ እጅ በጨርቅ እየተጠረገ፣ የቀረው ነጭ ሁሉ ይወገዳል። ከዚያ አስኳሉን የያዘው ስስ ሽፋን በሁለት ጣት ተይዞ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ በቢላ ጫፍ ሲበሳ ቢጫው ብቻ ጠብ ጠብ እያለ ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። ሽፋኑ ይጣላል። ቢጫው በጥቂት ውኃ ይቀጥንና በውኃ ከራሰ የቀለም ዱቄት ጋር ይለወሳል። ይህ የእንቁላል ቴምፐራ ነው። ስሙ የመጣው መጥኖ ማደባለቅን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ነው። ቃሉ ሰፋ ሲል ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ የሚለወሰውንም ቀለም ይጨምራል።

የአስኳሉ ቢጫነት ሥዕሉን ያበላሸዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ስለ ሙያው የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ ለወጣት ፊት የከተማ ዶሮ እንቁላል እንዲመረጥ ይመክር ነበር፤ አስኳሉ ነጣ ይላልና። ቀላ ያለውን የገጠር እንቁላል ደግሞ ለሽማግሌና ለጠቆረ ፊት ይተወዋል። የዚያን ዘመን ሰው ለአንድ ጉንጭ ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር ከዚህ ይታየኛል።

የቴምፐራ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከፍጥነቱ ነው። የዘይት ቀለም ለቀናት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ብርሃኑንና ጥላውን በብሩሽ እያሻሹ ማዋሐድ ይቻላል። ቴምፐራ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ስለዚህ ሠዓሊው ጥላን የሚሠራው እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮችን ጎን ለጎን በማስመር፣ ከደረቁ በኋላም ሌሎች መስመሮችን በላያቸው በመደረብ ነው። ሲደርቅም ግትር ስለሆነ የሚታጠፍ ሸራ ላይ ይሰነጠቃል። የሚስማማው በሙጫና በጀሶ ደጋግሞ ተቀብቶ እስኪለሰልስ የተፋቀ ጣውላ ነው። ግንበኞቻችን ጀሶ የሚሉት ቃል የጣሊያን ሠዓሊዎች ለዚህ ነጭ ልስን የሚጠቀሙበት ያው ቃል ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የኖረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም በዚሁ መንገድ፣ በጣውላ ላይ በቴምፐራ ይሥል ነበር።

ቻይናውያን ቴምፐራን በራሳቸው አነጋገር «ታንፔይላ» ይሉታል። ታሪኩ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቤጂንግ የሥዕል ተማሪዎች የዘይት ቀለምን የተማሩት ከሶቪየት ኅብረት በመጣው በኮንስታንቲን ማክሲሞቭ ነበር፤ ወፍራም ቀለም፣ ሰፊ ብሩሽ። በማኦ ዘመን የተካሄደው የባህል አብዮት ካበቃ በኋላ የአሜሪካዊው አንድሪው ዋየት ሥዕሎች በመጽሔት ታትመው ደረሷቸው። ዋየት እ.ኤ.አ. በ1948 የሣለው፣ ሮዝ ቀሚስ የለበሰች ሴት በደረቀ ሣር ላይ ሆና ከሩቅ ያለውን ቤት ስትመለከት የሚያሳየው ሥዕል የእንቁላል ቴምፐራ ነው፤ ሣሩ አንድ በአንድ ተስሏል። የቼንግዱው ተወላጅ ሄ ዱዎሊንግ እ.ኤ.አ. በ1982 በደረቀ ሣር ላይ የተቀመጠች የገጠር ልጅን ከውሻና ከጎሽ ጋር ሣለ። የዋየት ሣር እዚያ አለ፤ ቀለሙ ግን ዘይት ነው። የቲቤትን ቅዝቃዜ የሚሥለው አይ ሹዋንም እንዲሁ ዋየትን በዘይት ቀለም ተከተለ። ቴምፐራው ራሱ ከመድረሱ በፊት መልኩ በኅትመት ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እንቁላሉን ራሱን ከያዙት መካከል ሊዩ ኮንግሺ ይጠቀሳል። ስለ ወጣትነት ዘመን በሚተርኩ ተከታታይ የቴምፐራ ሥዕሎቹ፣ በባህል አብዮት ጊዜ ከከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠፍ ምድር ለእርሻ ሥራ የተላኩትን ወጣቶች ይሥላል። ለእንዲህ ያለ ትዝታ ቴምፐራ የተገባ ይመስለኛል። የዘይት ቀለም የሚሰጠው ማብለጭለጭ የለውም፤ ፊቶቹ ደብዘዝ ብለው፣ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ቴምፐራን ለቻይና ባዕድ ነው ማለት ግን ልክ አይደለም። ጎንግቢ በሚባለው ጥንታዊ አሣሣል መጀመሪያ በቀለም ውኃ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ በሙጫ የተለወሰ ስስ ቀለም ደጋግሞ ይደረባል። ሠዓሊዎቹ «ሦስት ሻብ፣ ዘጠኝ ቀለም» ይሉታል፤ ሻቡና ሙጫው በየመሃሉ የሚቀባው የታችኛው ቀለም እንዳይለቅ ነው። በምዕራብ በረሃ፣ በዱንሁዋንግ አጠገብ ያሉት የሞጋኦ ዋሻዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ366 ተጀምረው ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የተፈለፈሉ ናቸው፤ ከ45,000 ካሬ ሜትር በላይ የግድግዳ ሥዕል ይዘዋል። አረንጓዴው ከማላካይት ድንጋይ፣ ሰማያዊው ከአዙራይት ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ በደረቀ የጭቃ ልስን ላይ ተቀብቷል። በሰፊው ትርጉም ይህም ቴምፐራ ነው። በጎንግቢ ያደገ እጅ የእንቁላሉን ቀለም ሲይዝ የሚለወጥበት ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ነው፣ በሙጫ ፈንታ እንቁላል፤ መስመሩንና ድርቡን ቀድሞ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ለፊት ካጋጠማችሁ ቀረብ በሉ። ከሩቅ ጥላ የመሰለው ነገር በክንድ ርቀት መስመር ሆኖ ይበተናል፤ ከሥሩም የጀሶው ንጣት በቀለሙ ውስጥ አልፎ ይበራል። አትንኩት ብቻ። ላዩ በደቂቃ ቢደርቅም እስኪጠነክር ወራት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ጥፍር ይጭረዋል።