የጋለና የሚሽከረከር ኒውክለስ ንዝረት በጋማ ጨረር

ግዙፍ ዳይፖል ሬዞናንስ የሚባለው በአቶም ኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶኖች በአንድ ወገን፣ ኒውትሮኖች በሌላ ወገን ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወዛወዙበት የጋራ ንዝረት ነው። ባልድዊንና ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1947 ያገኙት ባልጋለ ኒውክለስ ላይ ነበር፤ በከባድ አዮኖች ውህደት በጋለ ኒውክለስ ላይ የታየው በ1981 ነው። ኒውክለሱ በተለቀ ቁጥር ንዝረቱ ይዘገያል፤ በኃይል ሲለካ በቲን-120 15.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ሜኤቮ) ገደማ፣ በሊድ-208 ደግሞ 13.5 ነው።

በሙከራው የአዮን ጨረር ስስ ኢላማ ይመታና ሁለት ኒውክለሶች ይዋሃዳሉ። አዲሱ ኒውክለስ ከ1 እስከ 3 ሜኤቮ ይግላል፤ 1 ሜኤቮ ማለት 11.6 ቢሊዮን ኬልቪን ነው። አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያወጣው እንደሚፈላ ውኃ ኒውትሮን እያተነነ ሲሆን፣ ከንዝረቱ የሚመነጨው የሚፈለገው ጋማ ጨረር ከሺህ አንዴ ገደማ ብቻ ይወጣል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጋማን ከኒውትሮን ለመለየት ጊዜ ይለካል። 1 ሜትር ርቀት ላይ ጋማ በ3.3 ናኖሰከንድ ሲደርስ፣ የ10 ሜኤቮ ኒውትሮን 23 ገደማ ይፈጅበታል። ለመመርመሪያነት ባሪየም ፍሎራይድ ክሪስታል የሚመረጠው ፈጣኑ ብልጭታው ከ1 ናኖሰከንድ ስለሚያንስ ነው። መመርመሪያውን ማቅረብ የጊዜውን ልዩነት ያጠባል፤ ማራቅ ደግሞ ያለችውንም ጥቂት ጋማ ያሳጣል። ሁለት ትንንሽ ጋማዎች አንድ ክሪስታል ውስጥ ከተደራረቡ እንደ አንድ ትልቅ ይቆጠራሉ። በሕንድ ኮልካታ ያለው ላምዳ የተባለ መመርመሪያ 162 ቀጫጭን ክሪስታሎችን የደረደረው ለዚህም ጭምር ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ለዚህ የሚሆን የአዮን ጨረር የለም፤ በአህጉራችን የሚታወቀው ኬፕታውን አጠገብ ያለው አይቴምባ ላብስ ነው። ካሊብሬሽን (የመመርመሪያውን ንባብ በሚታወቅ ኃይል ማስተካከል) ግን የአዮን ጨረር አይጠብቅም። ከሬዲዮአክቲቭ ምንጮች ከሶዲየም-22 1.275፣ ከአሜሪሲየም-ቤሪሊየም 4.43 ሜኤቮ ጋማ ይገኛል፤ በእነዚህ ብቻ ተማምኖ የካሊብሬሽኑን መስመር እስከ 15 ሜኤቮ መሳብ ያሳስታል። እዚህ ላይ ከጠፈር የሚመጣው፣ በሙከራው ጊዜ ከሚፈለገው ጋማ ጋር እየተቀላቀለ ጠላት የነበረው የኮስሚክ ጨረር ባለውለታ ይሆናል፦ 3.5 ሴንቲሜትር ባሪየም ፍሎራይድ አቋርጦ የሚያልፍ ሙዮን (ከኮስሚክ ጨረር የሚወለድ ቅንጣት) 23 ሜኤቮ ገደማ ይተዋል። ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ሐዋሳ ደግሞ የኮስሚክ ጨረሩ ከባሕር ዳርቻው ይበረታል። ረጅሙን ክሪስታል ማጋደም ያስፈልጋል፤ ከቆመ የሙዮኑ መንገድ ይረዝምና በልኬቱ ላይ የሚታየው የ23 ሜኤቮ ጉብታ ከቦታው ይሸሻል።

በሙከራው የሚለቀመው ስፔክትረም (በየኃይሉ የተቆጠረው የጋማ ብዛት) በፍጥነት ቁልቁል የሚወርድ መስመር ነው፤ ሬዞናንሱ ከ10 እስከ 20 ሜኤቮ ባለው ክልል እንደ ጉብታ ይታያል። ካስኬድ የተባለው የኮምፒውተር ኮድ ያሰላው ውጤት የመመርመሪያው ጠባይ ከተጨመረበት በኋላ ከልኬቱ ጋር ይነጻጸራል። ለስሌቱ የተመረጠው የኒውክለሱ የኃይል ደረጃዎች ጥግግት ከተሳሳተ የጉብታው ስፋትም አብሮ ይሳሳታል። ስፋቱ በቲን ከ5 ገደማ ተነስቶ፣ ሲግል ከ10 ሜኤቮ ያልፋል፤ ምክንያቱ በአመዛኙ የቅርጹ መዋዠቅ ነው። ሽክርክሪቱ ሲበረታ (መጠኑ የሚገመተው አብረው በሚወጡ ትንንሽ ጋማዎች ብዛት ነው) ኒውክለሱ እንደ ዳቦ ይጠፈጠፋል፤ ከገደቡ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ዱላ ይረዝማል። በታይታኒየም-46 የዚህ ምልክት የሆነ ጉብታ 10 ሜኤቮ አካባቢ ታይቷል።