የሆሊውድ የሄይስ ደንብ እንዴት ተሸረሸረ

የሄይስ ደንብ የመንግሥት ሕግ አልነበረም፤ ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በማኅበራቸው በኩል እ.ኤ.አ. በ1930 በራሳቸው ላይ የጫኑት የሳንሱር ሥርዓት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የመጣው ከማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከዊል ሄይስ ነው። ያረቀቁት ግን ካቶሊኩ አሳታሚ ማርቲን ኩዊግሊና የኢየሱሳውያን ቄስ ዳንኤል ሎርድ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ደንቡን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ነበር። በ1934 ሊጅን ኦፍ ዲሰንሲ የተባለው የካቶሊኮች ንቅናቄ ምእመናን ነውረኛ ካላቸው ፊልሞች እንዲርቁ ሲቀሰቅስ፣ ማኅበሩ ደንቡን የሚያስፈጽም ቢሮ አቋቁሞ ለጆሴፍ ብሪን ሰጠው። ስክሪፕት ከቀረጻ በፊት ለቢሮው ይገባል፤ ቢሮው የሚወጣውንና የሚለወጠውን በደብዳቤ ይዘረዝራል። የዘፈን ግጥምና የተዋናዮች አልባሳትም ይታያሉ። ያለቀው ፊልም እንደገና ተመርምሮ ቁጥር ያለው ማረጋገጫ ያገኛል። ያለ ማረጋገጫ ያወጣ አባል 25,000 ዶላር ይቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የሲኒማ ቤቱ በር ነበር፤ በትልልቅ ከተሞች ያሉት ምርጥ ሲኒማ ቤቶች የስቱዲዮዎቹ ንብረት ስለነበሩ፣ ማረጋገጫ የሌለው ፊልም ገበያው ይዘጋበት ነበር።

ስለዚህ ዳይሬክተሮች ለረጅም ጊዜ የታገሉት ከውስጥ ሆነው ነው። ቢሮው ረጅም መሳሳምን ስለማይፈቅድ፣ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946ቱ «ኖቶሪየስ» ላይ ተዋናዮቹን እያሳሳመ፣ እያነጋገረ፣ እንደገና እያሳሳመ ከሁለት ደቂቃ በላይ አቆያቸው። እያንዳንዱ መሳም አጭር ነው፤ ትዕይንቱ ግን ደንቡ የፈራው ራሱ ነው።

በሩን የከፈቱት ሁለት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ናቸው። የ1948ቱ ስቱዲዮዎቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ መንገድ ጠረገ። የ1952ቱ፣ በሮቤርቶ ሮሰሊኒ ፊልም «ዘ ሚራክል» ምክንያት የተሰጠው፣ ፊልም በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ሐሳብን የመግለጫ መንገድ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ በ1915 ፊልምን እንደ ተራ ንግድ ቆጥሮት ነበር።

ይህን ዕድል በሚገባ የተጠቀመበት ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንገር ነው። በ1953 ፊልሙ «ዘ ሙን ኢዝ ብሉ» ማረጋገጫ ተከለከለ። ብዙ ጊዜ እንደ ምክንያት የሚነሱት «ድንግል» እና «እርጉዝ» የሚሉት ቃላት ናቸው፤ ቢሮውን ይበልጥ ያስቆጣው ግን ለዝሙት የማማለል ነገር እንደ ቀልድ መቅረቡ ነበር። ፕሪሚንገር ከፊልሙ ምንም አልቆረጠም። አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስ የራሱ ሲኒማ ቤቶች አልነበሩትምና ፊልሙን ያለ ማረጋገጫ አወጣ፤ አተረፈም። በ1955 ስለ ሄሮይን ሱሰኛ በሚተርከው «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» ያንኑ ደገሙት። በዓመቱ ደንቡ ተሻሽሎ የአደንዛዥ ዕፅን ጉዳይ ማሳየት ተፈቀደ። ከስብከትና ከክርክር ይልቅ ደንቡን የጎዳው ይህ ነው፦ ያለ ማረጋገጫ መክሰር እንደማይቀር የሚያምን ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ራሱ ማፈግፈግ ጀመረ። በ1965 የሲድኒ ሉሜት «ዘ ፖውንብሮከር» የሴት ጡት እያሳየ፣ ለሌሎች ምሳሌ እንዳይሆን ተብሎ በይግባኝ አለፈ። በ1966 «ሁ ኢዝ አፍሬይድ ኦፍ ቨርጂኒያ ዉልፍ» ከነብልግና ቃላቱ ሲፈቀድ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ እንዳይገባ ተደረገ። በዚያው ዓመት የማኅበሩ አባል ኤምጂኤም «ብሎው አፕ»ን ማረጋገጫ ሲያጣ በሌላ ኩባንያው ስም አወጣው።

የማኅበሩ አዲስ ፕሬዚዳንት ጃክ ቫለንቲ ደንቡን ትቶ ከኖቬምበር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ የሚመድብ ሥርዓት አስገባ፤ ምድቦቹም ጂ (ለሁሉም)፣ ኤም (ለበሰሉ ተመልካቾች)፣ አር (ለታዳጊዎች ከወላጅ ጋር ብቻ) እና ኤክስ (ለታዳጊዎች ፈጽሞ የተከለከለ) ነበሩ። ኤክስ በንግድ ምልክትነት ስላልተመዘገበ የወሲብ ፊልም ነጋዴዎች በራሳቸው ይለጥፉት ጀመር። ብዙ ጋዜጦችና ሲኒማ ቤቶች ኤክስ ያለበትን ሁሉ አንቀበልም ማለት ያዙ፤ በ1990 ኤክስ በኤንሲ-17 ተተካ።