«የሚያበረታ ቫይታሚን ስጪኝ»፦ ስለ ድካም በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ሀዋሳ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ይመጣና «እህቴ፣ ድካም አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል፤ የሚያበረታ ቫይታሚን ስጪኝ» ይለኛል። «ተመርምረዋል ወይ?» ስል መልሱ ያው ነው። «ለቫይታሚን ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

ያስፈልጋል። ቆሜ ለእያንዳንዱ ሰው ለማስረዳት ጊዜ የለኝምና እዚህ ልጻፈው።

«ቫይታሚን አይጎዳም፤ ቢበዛ በሽንት ይወጣል።»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰውን መመለስ ይከብዳል። ቢ እና ሲ በውሃ ይሟሟሉ፤ ትርፋቸውን ኩላሊት ያስወጣዋል። ቢ ኮምፕሌክስ የወሰደ ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰዉ ግን «ሽንቴ ቢጫ ሆነ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይለኛል። ያ ቢጫ ሰውነቱ ያልፈለገው ቢ2 ነው። ኤ እና ዲ ግን በስብ ነው የሚሟሙት። ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙም ይመርዛሉ። ቢ6 እንኳ በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ነርቭ ይጎዳል።

ከመመረዙ የባሰው ግን በሽታ መሸፈኑ ነው። የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ።

አክስቴ ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ከ8 ዓመት በላይ ወስዳለች። ጾም አታስታጉልም፤ በፍስኩም ቢሆን ሥጋና ወተት እምብዛም ነች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድካም ጀመራት። ገበያ ደርሳ ስትመለስ በር ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ቤት አትገባም ነበር። አንድ ክሊኒክ ሄደች። ዓይኗን ገለጥ አድርገው አዩና «ደም ማነስ ነው» ብለው ብረትና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒን ጻፉላት። ደም አልተቀዳችም።

ክኒኑን ስትወስድ ቀለል አላት። ደስ ብሏት ለጎረቤቷም አስገዛቻት። ከወራት በኋላ ግን እግሯ መደንዘዝ ጀመረ። «ልጄ፣ ይሄማ የስኳሩ ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ማመን አልነበረብኝም፤ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሳይታወቃት ስትራመድ አየኋት። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ቢ12 ስናስለካ በጣም ወርዶ ተገኘ።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፦ ሥጋ፣ ጉበት፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በውሃ የሚሟሟ ቢሆንም ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጤነኛ ሰው የ55 ቀን ጾም ስለጾመ ቢ12 አያልቅበትም። የአክስቴ ችግር በፍስኩም አለመተካቱ፣ በዚያ ላይ ሜትፎርሚኑ ነው። ሜትፎርሚን ቢ12 ከአንጀት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ለጨጓራ ተብሎ ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ ነው።

ፎሊክ አሲድስ ምን አደረገ? ደሟን አስተካከለ። ቢ12 ሲጎድል የሚመጣውን ደም ማነስ ፎሊክ አሲድ ያሻሽለዋል፤ ነርቩን ግን አያድንም። እኛ «ተሻላት» ስንል ነርቧ እየተጎዳ ነበር። የቢ12 መርፌ ከጀመረች በኋላ ድካሙ ለቀቃት። የእግሯ ድንዛዜ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። «ምን ይጎዳል?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ የአክስቴ እግር ነው።

«ግሉኮስ ይሰቀልልኝ፤ እሱ ነው የሚያነሳኝ።»

ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ፣ 500 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያለው 25 ግራም ስኳር ነው። ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ያንን ይሰጣል። የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው፣ ውሃ ያለቀበት ሰው በደም ሥር ፈሳሽ ሲሰጠው ሕይወቱ ይተርፋል። ለወራት ሲደክመው ለኖረ ሰው ግን ምክንያቱን አይነካውም። ቀለል የሚለው አንድ ሁለት ሰዓት ተጋድሞ ስላረፈም ይሆናል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የድካሙ ምክንያት ያልታወቀ የስኳር በሽታ የሆነ ሰው አለ። ለእሱ ስኳር መስቀል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

«ግፊቴ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ደም ማነስ አለብኝ።» ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ግፊት በክንድ ይለካል። ደም ማነስ የሚታወቀው ደም ተቀድቶ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ሲታይ ነው፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን ነው።

«ቀይ ስር ደም ይሆናል።» ቀለሙ ነው ያታለለን። 100 ግራም ቀይ ስር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ቢደረግ ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስደዋል። ምግብ ላይ የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ያግደዋል። ቡናውን አልከለክልም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ ነው የምለው።

«ሀዋሳ ፀሐይ ሞልቶ ቫይታሚን ዲ እንዴት ይጎድላል?» ፀሐዩ ቆዳ ካልነካ ይጎድላል። ከጠዋት እስከ ማታ ጣሪያ ሥር የሚውል ሰው ብዙ ነው።

«ታይፎይድ ነው፤ ሁሌ ይነሳብኛል።» ይህችኛዋም አትለቀንም። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ድሮ በያዘ በሽታ ወይም በሌላ ኢንፌክሽንም «አለ» ሊል ይችላል። ታይፎይድ ደግሞ ዋና ምልክቱ የሚጨምር ትኩሳት ነው። ትኩሳት ሳይኖር ለስድስት ወር ደከመኝ የሚል ሰው በዓመት አራቴ አንቲባዮቲክ ሲውጥ አያለሁ። ድካሙ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ድካሙ ከጥቂት ሳምንት ካለፈ፣ በቂ ተኝታችሁም ካልለቀቀ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከቫይታሚኑ በፊት ነው ያልኩት። ሙሉ የደም ምርመራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ሰገራ፤ መነሻው ይህ ነው። ፌሪቲን (የተቀማጩ ብረት ልኬት) እና ቢ12 ሁሉም ቦታ አይሠሩም፤ የት እንደሚሠሩ ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። ሴቶች፣ የወር አበባችሁ ብዙ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ የብረት እጥረት ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ወንድ ላይ ብረት ከጎደለ ደግሞ ደሙ የት እንደሚሄድ መፈለግ አለበት፦ ጨጓራ፣ ኪንታሮት፣ አንጀት፣ ወይም በባዶ እግር አፈር ስንረግጥ የሚገባው ደም መጣጭ ትል። ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳም ይታይ። ሐኪሙ ስለ እንቅልፍና ስለ ሐዘን ሲጠይቃችሁም አትቆጡ። ድብርት ሰውነትን ያደክማል፤ የደም ምርመራ ላይ ግን አይታይም።

ሁሉም ተመርምሮ ደህና ሆኖ፣ ድካሙ ከስድስት ወር አልፎ፣ ትንሽ ሥራ ከሠራችሁ በማግስቱ የሚጥላችሁ ከሆነ «ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም» የሚባል ራሱን የቻለ ሕመም አለ። «ስንፍና ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ይህንኑ ማግስት መውደቃችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንድ የተለየ ምርመራ ስለሌለው በታሪካችሁ ነው የሚያውቀው።

ብረት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ሻል ሲላችሁ አታቋርጡ። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም የተቀማጩ ብረት እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ሰገራ ይጠቁራል፤ ከክኒኑ ነው። ክኒኑ ሳይጀመር የጠቆረ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ክኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ከረሜላ ይመስላቸዋል፤ ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላል።