«ዓሣ ደግሞ ምኑ ይጠናል?»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ባሕር ዳር ነው፤ የዓሣ ሥነ ምህዳር አጠናለሁ። ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ሥራዬን ስናገር የሚከተሉት ነገሮች ይነሣሉ። ዛሬ ተራ በተራ ልመልስ።

«ተምረህ ተምረህ ዓሣ አጥማጅ ሆንክ?»

የእናቴ ጥያቄ ነው። «አዬ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ታንኳ ላይ?» ትለኛለች። እማዬ፣ ታንኳው ላይ አብሬ መውጣቴ እውነት ነው። መረቡ የት እንደሚጣልም ከአጥማጆቹ ነው የተማርኩት። የእኔ ሥራ ግን የሚጀምረው ዓሣው ከወጣ በኋላ ነው። ርዝመቱን እለካለሁ፣ እመዝነዋለሁ። ሆዱን ከፍቼ እንቁላል መያዙን አያለሁ፤ አንጀቱ ውስጥ የበላውን እለያለሁ። ከቀረሶ (ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ) ጭንቅላት ደግሞ ትንሽ የጆሮ አጥንት አወጣለሁ። እሷን በማይክሮስኮፕ ስናያት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት፤ ዕድሜውን የምንገምተው ከዚያ ነው።

«ነጭ ዓሣ ያው ነጭ ዓሣ ነው»

ገበያ ላይ አዎ፣ ስሙ አንድ ነው። ጣና ውስጥ ግን 15 ዓይነት ነው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። የጣናዎቹ ለብቻቸው ቀርተው፣ አንዱ በአንድ ምግብ ሌላው በሌላ እየኖረ ተለያዩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አፋቸውን ብቻ እዩ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ከሐይቁ ወለል ትላትል ይለቅማል። ሌላው አፉ ሰፊ ነው፤ ዓሣ ይውጣል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ነጭ ዓሣ ያለበት ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጨጓራም የላቸውም። እንዲህም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ የሚኖሩት ሌላ ዓሣ እየበሉ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪው ሌኦ ናጌልከርከ እነዚህን ዓሦች ለመለየት ዓመታት ወስዶበታል፤ የዶክትሬት ሥራውን የጨረሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

«ዓሣ የሐይቅ ነው፤ ወንዙ ምን አገባው?»

ለቀረሶ ይሠራል። ሐይቁ ዳር ትራባለች፤ እንቁላሏንም አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ከነጭ ዓሦቹ መካከል ግን ክረምት ሲገባ ወደ ወንዝ የሚወጡ አሉ፤ ከጎጃም በኩል ግልገል ዓባይና ገባሮቹ ዘንድ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና የሚሮጥ ውኃ ነው፤ ደለል እንቁላሉን ካለበሰው ታፍኖ ይሞታል። መንገዱ ላይ ግድብ ከቆመ ደግሞ ወደ ላይ ማለፍ አይችሉም።

አንድ ነሐሴ ማለዳ አንዲት ገባር ወንዝ ዳር ደረስኩ። ዓሣ ሊይዙ የመጡ ሰዎች ሌሊት የብርብራ ዛፍ ፍሬ ቀጥቅጠው ጨምረውበታል። ብርብራ ዓሣውን መተንፈስ ያሳጣዋል። ትልልቁ ተለቅሞ ሄዷል። የቀረው የጣት ቁመት የማይሞላ ጫጩት ነው፣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ድንጋይ ሥር ተጠራቅሟል። አንዲት ትልቅ እናት ዓሣ ሣር ውስጥ ተረስታ አገኘሁ። ጎኗን ጫን ሳደርገው ብርቱካንማ እንቁላል ፈሰሰ። ያን ቀን ምንም አልለካሁም።

«ጣና አያልቅም»

ያልቃል። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ለአቅመ መራባት የደረሰው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት፣ ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ በመረብ መጠበቅ ነው። ለዚህ ነው በመራቢያቸው ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይጣል የምንለው። አጥማጁን ሥራ ልናስፈታ አይደለም፤ የከርሞው ዓሣ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ነው።

«ይህን ለመማር ውጭ ሀገር መሄድ ግድ ነው»

አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ አለ። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ሰበታ ደግሞ ብሔራዊው።

ብቻ ክረምቱ ይከብዳል። እንቁላል የያዘ ዓሣ የሚገኘው ዝናቡ ሲወርድ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና ወንዙ ሲሞላ ነው። ያ ወቅት ካመለጠ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። አብሮኝ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውጤቱ አይደለም። «ነሐሴን ወንዝ ዳር ታድራለህ?» እለዋለሁ።