ስለ መተየብና ስለ እጅ ጽሑፍ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኙት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ፣ ሁለቱ የአጻጻፍ ዓይነቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ተማሪው በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከስክሪኑ አጠገብ ታቆምና ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ትተይባለች። ጣቶቿ የሚቆሙት አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ያውም ቁልፉ ጠፍቶባት ሳይሆን «ወንድሜ፣ ይቺ ‹ለ› ናት ‹ሰ›?» ብላ ለመጠየቅ ነው። ሥራው ቶሎ የሚያልቀው በእሷ ጣቶች ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን በተማሪው የእጅ ጽሑፍ ጥራትም ጭምር መሆኑን እዚያ የቆመ ሁሉ ያያል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ስለ ጉዳዩ ሲወራ ብዕርና ኪቦርድ እንደ ባላንጣ ይቀርባሉ። ከዚህ በታች የማነሳቸው አመለካከቶች ከወላጆች፣ ከተማሪዎችና ከቢሮ ሠራተኞች ዘወትር የሚሰሙ ናቸው፤ ልጆቻችን ምን እንደሚማሩና እንዴት እንደሚማሩ የሚወስኑ በመሆናቸውም በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

«በእጅ የተያዘ ማስታወሻ ሁልጊዜ ከተተየበው ይበልጣል»

ይህ አባባል መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርታዊ ንግግር እየሰሙ በላፕቶፕ ማስታወሻ የያዙ ተማሪዎች የተናጋሪውን ቃል እንዳለ የመገልበጥ ዝንባሌ እንደነበራቸውና ሐሳብን በሚፈትሹ ጥያቄዎች ላይ በብዕር ከጻፉት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳዩ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ተከታዩ ዜና ግን ያን ያህል አልተሰማም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት የብዕር ብልጫ በፈተናው ውጤት ላይ በግልጽ ሊታይ አልቻለም። በ2021ዱ ሙከራ በላፕቶፕ የጻፉት አሁንም ብዙ ቃላትንና ቃል በቃል የተገለበጠ ጽሑፍ አስፍረዋል፤ ይህ ግን ውጤታቸውን አላወረደውም።

እኔን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥናቱ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሚሰጠው ትርጉም ነው። በብዙ ክፍሎቻችን መምህሩ ኖቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል ወይም ያነባል፣ ተማሪውም ነጠላ ሰረዝ ሳያስቀር ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ይህ በብዕር የሚደረግ ቃል በቃል ግልበጣ ነው፤ ተማሪው ብዕር በመያዙ ብቻ ሐሳቡን አሰላስሏል ማለት አይቻልም። በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፕ ከፍቶ የሚያጠናውና ከአጠገቡ ደብተር ዘርግቶ የሚያጠናው ወጣት የሚለያዩት፣ ያነበቡትን በራሳቸው ቃል ለማሳጠር በሚያደርጉት ጥረት እንጂ በያዙት መሣሪያ አይደለም። የብዕር አንድ እውነተኛ ጥቅም ሥዕልን፣ ቀስትንና ቀመርን እንደ ልብ ማስፈር መቻሉ ሲሆን፣ ለሒሳብና ለኬሚስትሪ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ልጆች ከታብሌት ስለሚጀምሩ ፊደልን በእጅ ማስጻፍ ጊዜ ማባከን ነው»

በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ያለምንም ማመንታት ከእርሳሱ ጎን እቆማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንሳይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በተለይ ከፍ ያሉት ልጆች በእጃቸው ጽፈው የተማሯቸውን ፊደላት በኪቦርድ ከተማሯቸው በተሻለ ለይተው እንዳወቁ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ገና ማንበብ ባልጀመሩ የ5 ዓመት ልጆች ላይ በተደረገ የአንጎል ምርመራም፣ ለንባብ የሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች በእጅ ተጽፈው ለተለመዱ ፊደላት ከተተየቡት የበለጠ ምላሽ ሰጥተዋል።

በእጅ መጻፍ ለእኛ ፊደል ይበልጥ ክብደት አለው ብዬ የማምነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ‹በ› ወደ ‹ቡ› የሚለወጠው በወገቡ ላይ በሚጨመር ቅጥያ፣ ወደ ‹ቢ› በእግሩ ሥር በሚጨመር ቅጥያ፣ ወደ ‹ቤ› በእግሩ ላይ በሚታሰር ቀለበት፣ ወደ ‹ባ› ደግሞ የግራ እግሩ በማጠሩ ነው። ልጁ በእርሳስ ሲጽፍ ቅጥያው የት እንደሚቀመጥ እጁ ራሱ ይወስናል። በኪቦርድ ሲሆን የተነባቢውንና የአናባቢውን ቁልፍ ይመታል፤ ‹ቢ› ተሠርታ ትመጣለች፤ የቅርጹን ውሳኔ ማሽኑ ወስዶበታል። በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሳይጽፉ ማንበብ ይማሩ ነበር፣ ቁም ጽሕፈትም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው እውነት አለው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነኩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከግራ ወደ ቀኝም ከላይ ወደ ታችም ለረጅም ጊዜ ይቆጥሩ ነበር። ታብሌት ነክቶ ማለፍ የዚያ ምትክ አይሆንም።

«የአማርኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ በፍጥነት ሊተየብ አይችልም»

ሰባት ቤት ያላቸው 33 ፊደላት 231 ቅርጾችን ይሰጣሉ፤ እንደ ‹ሏ› ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። የስጋቱ ምንጭ የጽሕፈት መኪናው ዘመን ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስሙ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ሠሪዎች አንድ ችግር ገጥሟቸዋል፤ ከመቶ በማይበልጡ ቅርጾች ይህን ሁሉ ፊደል ማውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ ፊደሉ አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ይመታ ነበር። በአሮጌ የመንግሥት ደብዳቤዎች ላይ ቅጥያው ከአካሉ ራቅ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የተሠሩ በመሆናቸው፣ በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ቁርጥራጭ ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ካገኘ በኋላ ይህ በመሠረቱ ተፈትቷል።

አሁን ቁልፎቹን እንቁጠር። ሳድሱ (ስድስተኛው ቤት፣ እንደ ‹ት› ያለው) ተነባቢውን ብቻ በመምታት በሚገኝበት በድምፅ ላይ በተመሠረተው አተያየብ «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ስለሆኑ አምስት ምት ብቻ ይጠይቃል፤ የእንግሊዝኛው አቻው ዘጠኝ ፊደል ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ አምስት ምት ይፈልጋል። በአማርኛ ሳድስ እጅግ ስለሚበዛ ቁጠባው በየመስመሩ ይታያል። ታዲያ የቢሮ ሠራተኛው ለምን ይዘገያል? ስልት ስለሚቀያየርበት ነው። በአንዱ ፕሮግራም ሳድስ በአንድ ቁልፍ ሲገኝ በሌላው ሌላ ሕግ አለ፤ ስልክ ላይ ደግሞ አንዱን ፊደል ነክቶ ከሚዘረጉት መካከል መምረጥ ይመጣል። ጣት የሚለምደው አንድን መንገድ ሲደጋግም ነው፤ ስለዚህ አንድ አተያየብ መርጦ በቤትም በመሥሪያ ቤትም በእሱ መጽናት ከማንኛውም ምክር ይቀድማል።

«በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ይፈጥናል፣ ትርጉሙም አይጠፋም»

ይፈጥናል የሚባለው የፊደሉን ኪቦርድ ስላልለመድን ብቻ ነው። ትርጉሙ ግን በእርግጥ ይጠፋል፤ ‹ጠ› እና ‹ተ›፣ ‹ቀ› እና ‹ከ›፣ ‹ጨ› እና ‹ቸ› በስልክ መልእክት ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ልጁ ጠፋ» እና «ልጁ ተፋ»፣ «አባባ መጣ» እና «አባባ መታ» ሳይለዩ ይቀራሉ፤ አንባቢው ከዐውዱ ይገምት ይባላል። ለቤተሰብ መልእክት እንኳ ይህ ሸክም ነው። ጉዳት የለውም የሚሉ ሰዎች፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ መንገድ ብቻ የሚጽፍ ወጣት የፊደሉን አጻጻፍ የሚለማመድበት ጊዜ ከየት እንደሚያገኝ እንዲነግሩኝ እሻለሁ።

«በዐሥር ጣት የማይተይብ ሰው ፈጣን ሊሆን አይችልም»

በሰንጋ ተራ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያሠለጠናቸው ጸሐፊዎች ዐሥሩንም ጣት እንዲጠቀሙ ተደርገው ነው የወጡት፤ ይህ ሥልጠና ክብር ይገባዋል። ሆኖም በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የ30 ሰዎችን የጣት እንቅስቃሴ ተከታትለው፣ በራሳቸው ለምደው በጥቂት ጣቶች የሚተይቡ አንዳንድ ሰዎች ከሠለጠኑት እኩል እንደሚፈጥኑ አግኝተዋል። ወሳኙ ያንኑ ቁልፍ ሁልጊዜ በዚያው ጣት መምታትና እጅን ያለአግባብ አለማንቀሳቀስ ነው። ልዩነቱ ያልሠለጠኑት ዓይናቸውን ወደ ኪቦርዱ ማብዛታቸው ነው። የራሱን ሐሳብ ለሚጽፍ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ከወረቀት እያየች ለምትተይበው የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ ግን ሥራው ራሱ አይሆንላትም።

ፈጣን ሰው የኪቦርዱን ካርታ በቃሉ ያውቃል የሚለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ጥሩ ተያቢዎች ባዶ ኪቦርድ ተሰጥቷቸው ፊደላቱን እንዲሞሉ ሲጠየቁ፣ ከ26ቱ በትክክል ያስቀመጡት በአማካይ 15 ገደማ ብቻ ነበር። ዕውቀቱ የጣት ነው፤ ስለዚህ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስተይብም።

«በክረምት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መለማመድ ቶሎ ያስጨርሳል»

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ለሥልጠና የሚያስመዘግቡ ወላጆች የሚጠይቁት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ነው። አለን ባደሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ትየባ የሚማሩ የብሪታንያ ፖስታ ሠራተኞችን በአራት ቡድን ከፍለው ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከተለማመዱት ይልቅ በጥቂት ጠቅላላ ሰዓት ኪቦርዱን ለመዱ። ይሁን እንጂ ሥልጠናው በቀን ብዛት ስለተራዘመባቸው፣ ከአራቱ ቡድኖች በአሠለጣጠኑ ዝቅተኛ እርካታ የተሰማቸው እነዚሁ የተሻለ የለመዱት ነበሩ። ልጁ «ገና አልጨረስኩም» ብሎ ሲያጉረመርም ወላጁ ወደ ተጣደፈው ሥልጠና ሊያዘዋውረው ቢያስብ፣ ያ ቅሬታ የመዘግየት ምልክት ላይሆን እንደሚችል ይህን ውጤት ይዞ ማመዛዘን ይችላል።