የፈረሱ ሻኩራና የጓዳው ምንቸት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ዘካርያስ በመጽሐፉ መጨረሻ (14፥20-21) የፈረስ ሻኩራን፣ ማለት በአንገቱ የሚታሰረውን ቃጭል፣ እና የማብሰያ ምንቸትን ጎን ለጎን ያነሣል። በዚያ ቀን በፈረሶች ሻኩራ ላይ «ቅድስና ለእግዚአብሔር» ተብሎ ይጻፋል፤ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለው ምንቸት ሁሉ የተቀደሰ ይሆናል ይለናል። ይህ ጽሑፍ ቀድሞ የት እንደነበረ ዘጸአት 28፥36ን አውጥታችሁ አንብቡ። በንጹሕ ወርቅ ተቀርጾ በሊቀ ካህናቱ በአሮን ግንባር ላይ የሚታሰር ነበር። ከዚያ ግንባር ወርዶ በፈረስ አንገት ዋለ፣ ምንቸቱን ተከትሎም ጓዳ ገባ። የሚገርመው፣ ያው ነቢይ በ9፥10 ፈረስን ከኢየሩሳሌም አጠፋለሁ የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ነግሮናል። የሚጠፋው ሰው የተመካበት የጦር ፈረስ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚመጣው ግን ሻኩራው የተቀደሰለት ነው።

በአገራችን ፈረስና ምንቸት በአንድ ግቢ የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው። አዊን ብናነሣ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ሲሰበሰብ ሜዳው በግላስ፣ ማለት በፈረስ ጌጥ ልብስ፣ እና በሻኩራ ይሞላል። የዐድዋም ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሰማዕቱ ዕለት በመሆኑ፣ ፈረሰኛና ቅዱስ ጊዮርጊስ በሕዝባችን ልብ አይለያዩም። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ጉግስ የሌለበትን፣ ሕዝብ የማይሰበሰብበትን ቀን ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ የሆነውን ጥቅምት 23 እንበል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩ ለድርቆሽ እየታጨደ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድና ጎረቤት ለዝክር ጎራ ይላል። በእንዲህ ያለ ቀን ያ ጽሑፍ የሚነበበው በገብሱ ሚዛንና በቁሌቱ ላይ ነው።

ከጋጣው እንጀምር። ለቅዳሴ የሚሄድ ሰው ሳይበላ ይሄዳል፤ ፈረሱ ግን በልቶ ይቆየው። የነነዌ ንጉሥ እንስሳቱንም አስጹሟል (ዮናስ 3፥7) የሚል ካለ፣ ያ ጥፋት የተፈረደበት ከተማ አዋጅ ነበር፤ ለእኛ ስንፍና መሸፈኛ አይሆንም። በዓል ነውና ጋጣ አይገባም ለሚልም ጌታችን ራሱ መልሶለታል፤ በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ከግርግሙ ፈትቶ ውኃ የማያጠጣ ማን አለ? (ሉቃስ 13፥15)

መጀመሪያ የሚታየው ፋንድያው ነው። ጤነኛ ፈረስ የሚጥለው ድብልብል ብሎ፣ መሬት ሲነካ የሚፈረካከስ ነው። ደረቅና ጠጣር ከሆነ ወይም ንፍጥ የመሰለ ነገር ከለበሰው ውኃ አንሶታል። ሌሊቱን ምንም ካልጣለ፣ በፊት እግሩ መሬት የሚጭር፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ ተኝቶ እየተነሣ የሚንከባለል ከሆነ ግን ሆዱን ይዞታል። ፈረስ አያስመልስም፤ የገባው ሁሉ በአንድ በኩል ብቻ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ የሆድ ሕመሙ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ምግቡን አንሡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ዘይት ወይም አረቄ በግድ መጋት በየመንደሩ የተለመደ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ከሆድ ቁርጠት የተረፈውን ፈረስ በሳንባ ምች ይገድላል።

ከዚያ ውኃ፣ ቀጥሎ ድርቆሽ፣ ገብስ በመጨረሻ። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የደጋ ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። ውኃው በብርድ ቀን ከ12 ሊትር አይነስ፤ በፀሐይና በሥራ ቀን አንድ ጀሪካን ሙሉ ይጨርሳል። ድርቆሹን ስትበትኑት አቧራ ከተነሣ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው አትስጡ፤ ሳልና የሆድ ሕመም ያመጣል። ክረምት ሳያልቅ የታጨደ፣ ሳይደርቅ የተከመረ ሣር መሐሉ ላይ ነው የሚሻግተው፤ ላዩን አይታችሁ አትመኑት።

ገብሱ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሽርክት ገብስ ለአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ እንዳያልፍ፤ ሥራ ለማይሠራበት ቀን ግማሽ ኪሎም ብዙ ነው። «በዓል ነውና እሱም ይብላ» ብሎ እጥፍ ማፍሰስ ደግነት ይመስላል። ቆሞ የዋለ ፈረስ እንደ ሥራ ቀኑ ገብስ ከበላ ግን በማግሥቱ ሲጫን የታፋው ጡንቻ ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ መራመድ ያቅተዋል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ገብሱ በአንድ ጊዜ በጣም ከበዛ ደግሞ ሰኮናው ውስጥ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚያነክስ አለ። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» (ምሳሌ 12፥10) የሚለው ርኅራኄ በበዓል ቀን እጅን መሰብሰብንም ይጨምራል። ይህ ለሆድ ወዳዱ ባለቤትም የሚጠቅም ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሰኮናው አራቱም ይነሣ። ከተረከዝ ወደ ጣት አቅጣጫ ጭቃውንና ጠጠሩን አውጡ፤ በመሐል ያለውን ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል አትውጉ። የበሰበሰ ሽታና ጥቁር ዝቃጭ ካለ ጋጣው እርጥብ ነው ማለት ነው፤ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ፋንድያውን ጥረጉና ደረቅ ገለባ አንጥፉ። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ስትተነፍሱ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ፈረሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያደረው ያንን ነው።

ጀርባውን በእጅ መዳፍ ዳስሱ። ኮርቻው ሲወርድ ከሥሩ የሚነጠፈው ደላድል ያረፈበት ሁሉ አልቦት አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከተገኘ፣ እዚያ ላይ ጫናው በዝቷል፤ የነገ ገጣባ፣ የኮርቻ ቁስል፣ እሱ ነው። ገጣባ ያለበትን ፈረስ በጥልፍ ግላስ ሸፍኖ ለበዓል የሚያወጣ አለ። እንግዲህ «ቅድስና ለእግዚአብሔር» በዚያ ፈረስ ሻኩራ ላይ ቢጻፍ፣ ከግላሱ ሥር ያለው ቁስል ምን ብሎ ይመሰክራል?

ወደ ጓዳ እንግባ። ጥቅምት 23 ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ፣ የጽጌን የፈቃድ ጾም ለማይጾም ቤት ፍስክ ነውና ዶሮ ይሠራል። ማርያምና ማርታን ሁላችን እናውቃለን (ሉቃስ 10፥38-42)፤ ጌታ ማርታን የገሠጻት በብዙ ነገር ስለታወከች ነው፤ ወጥ ስለሠራች አይደለም። ስለዚህ መታወኩን የሚቀንስ መላ ይፈለግ፦ ቁሌቱን በ22 ማታ ጨርሱት። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍ። ያለ ዘይት በለስላሳ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይብሰል፤ ውኃው መጥጦ ሽንኩርቱ ከመማሰያው ጋር እስኪጎተት ድረስ። ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ ከ150 እስከ 200 ግራም በርበሬ። በርበሬው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቁላላ፤ መያዝ ሲጀምር ጠብታ ጠብታ ውኃ እየሰጣችሁ። ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ በርበሬ ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ በኋላም ቅመም ቢደፋበት አይድንም። ውኃ በአንዴ ሲደፋበት ደግሞ ቁሌቱ ለብቻ፣ ውኃው ለብቻ ይቆማል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተላል፤ ማታ እዚህ ላይ ይቆማል።

ጠዋት የምትቀረው ዶሮዋ ናት። በሎሚና በጨው፣ ውኃው ጥርት እስኪል ታጥባ፣ እንደ ወጉ 12 ብልት ወጥታ ትገባለች። የአበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። የተነጠረ ቅቤው ከዶሮዋ ጋር፣ መከለሻና ጨው በመጨረሻ፣ የተቀቀለው እንቁላል ከሁሉም በኋላ። በምንቸት የምትሠሩ ከሆነ አዲሱ በቅባት ታሽቶ በቀስታ ሙቀት ይሟሽ። ከእሳት ሲወርድ ደግሞ በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አይቀመጥ፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ አይግባበት፤ ተሰንጥቆ ወጡ አመድ ላይ ይፈሳል።

ጓዳና ጋጣ የሚገናኙበት አንድ አደገኛ ቦታ አለ፤ የልጣጩ ቅርጫት። 2 ኪሎ ሽንኩርት ሲላጥ ብዙ ልጣጭ ይወጣል፣ ልጅም ተልኮ «ለከብቶቹ» ይደፋዋል። ሽንኩርት የፈረስን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በአዊ ድንች የማይታጣበት ቤት የለምና፣ አረንጓዴ የሆነውንና የበቀለውን ድንችም አስቡበት፤ እሱም መርዝ አለው። የተረፈ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይነፋል። ልጆቹ ገና ጠዋት፣ እንግዳ ሳይበዛ፣ ቅርጫቱ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ እንጂ ወደ ግርግም እንደማይሄድ ይነገራቸው።

እንግዳ ሲመጣ ቤቱ የሚጠብቀው ቅደም ተከተል በዘፍጥረት 24፥32-33 ተጽፏል። የአብርሃም ሎሌ ናኮር ከተማ ሲደርስ በመጀመሪያ የግመሎቹ ጭነት ተራገፈ፣ ገለባና ገፈራ ተሰጣቸው፤ ከዚያ የሰዎቹ እግር ታጠበ፤ ማዕድ የቀረበው በመጨረሻ ነው። ያስተናገደው ላባ ነው። ሥርዓቱን አሳምሮ ፈጽሟል፣ ግን «አንተ የእግዚአብሔር ቡሩክ» ያለው በእኅቱ እጅ ላይ ያለውን ወርቅ ካየ በኋላ ነበር (24፥30-31)። ወርቅ ያላሰረው እንግዳ ቢመጣስ ኖሮ? «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል ሲመጣ እንደ ላባ ወደ እጁ እንዳናይ መጠንቀቅ ነው። ከ12ቱ ብልት አንዱን ለማይጠበቅ ሰው ማስቀረት፣ ከእንጀራውም ለነዳያን መለየት፣ እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ቢደረግ ይሻላል፤ በኋላ ሲሆን የሚተርፈው ክንፉ ብቻ ነው። አብርሃም «ቁራሽ እንጀራ» ብሎ ጋብዞ ሣራን ያስለወሳት ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ከ20 ሊትር በላይ ነበር፤ ለሦስት እንግዳ! (ዘፍጥረት 18፥5-6) ቅድስት ሥላሴ የገቡበት ቤት በሲኒ አይሰፍርም ነበር።

ተፈናጦ የመጣ እንግዳ ካለ ልጓሙን ተቀበሉት፣ የሆዱን ጠፍር አላሉለት፣ ላቡ እስኪደርቅ በእግር አዟዙሩት። ውኃ በየመሐሉ፣ ገብስ ግን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ድንጉላ ከሆነ ከባዝራዎቹ ራቅ ብሎ ይታሰር፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ፈረሶች ገመድ ለገመድ እንዳይደርሱ። ባልዲውም ለብቻው ይሁን። ጉሮሮን የሚያሳብጠውና ከአፍንጫ መግል የሚያወርደው በሽታ በአንድ ገንዳ ውኃ ይተላለፋል፤ ቆዳ ላይ እባጭና ቁስል የሚያወጣውም በልጓምና በኮርቻ መዋዋስ ይዛመታል። ይህን ማለት እንግዳን መጠየፍ እንዳይመስል ብሎ ዝም የሚል ባለቤት አለ። «ባልዲው ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ነው» ቢባል ክብር ይሆናል እንጂ ስድብ አይሆንም።

ዝክሩ ተቀምሶ፣ ምርቃቱ ደርሶ እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ ዳቦው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለልለት። አንድ ሰው ደግሞ ቀደም ብሎ ወደ ፈረሱ ይሂድ፤ ሰኮናውን ይይ፣ ኮርቻውን ያስተካክል፣ ጠፍሩን ያጥብቅ። ፈረስ ሲጠፈር ሆዱን ይነፋል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ስለሚላላ ከደጃፉ አልፎ ጠፍሩ ሁለተኛ መጥበቅ አለበት፤ በተለይ የሚፈናጠጠው ሽማግሌ ከሆነ እስኪጠብቅ ድረስ እርካቡን ያዙለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።