ጣዝማ ቢቆፍሯትም «ሌላ ቦታ ሄዳ ትሠራለች»?

ይህን አባባል ከማር ቆፋሪ እሰማዋለሁ፣ ከነጋዴ እሰማዋለሁ፣ የተማረ ሰውም ሲደግመው ሰልችቶኛል። ፈጽሞ ስህተት ነው።

ስለ ጣዝማ ከሚነገሩት ስህተቶች ቀለል ያሉትን ላስቀድም። ጣዝማ ዝንብ አይደለችም፤ ከማር ንብ ጋር በአንድ ቤተሰብ የምትመደብ፣ ነገር ግን ከማይናደፉት ንቦች ወገን የሆነች፣ ጎጆዋን ከመሬት ሥር የምትሠራ ንብ ናት። ሜሊፖኑላ ቤካሪ የተባለችው የአገራችን ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸችው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። መንደፊያዋ አለ፤ በጣም ስላነሰ ግን አይሠራም። ማሯ የሚቀጥነውና የሚኮመጥጠው ውኃ ስለተቀላቀለበት ሳይሆን በተፈጥሮው እርጥበቱ ስለሚበዛ ነው። መድኃኒትነቱን በተመለከተ፣ ተህዋስያንን የመግታት አቅም አለው፤ የሳንባ ምች የያዘው ሰው ግን ሐኪም ቤት ይሂድ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የጣዝማም ሆነ የሌላ ንብ ማር አይሰጥም።

ወደ ዋናው ልመለስ። የማር ንብ ቤቷ ሲፈርስ ንግሥቷን ይዛ ትሰደዳለች። የጣዝማ ንግሥት ይህን አትችልም፤ እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ ስለሚያብጥ መብረር ያቅታታል። አዲስ ጎጆ ሲመሠረትም ሠራተኞቹ ከእናት ጎጆ ሰም፣ ሙጫና ማር እያመላለሱ አስቀድመው ያደራጁታል፤ ወደዚያ የምትሄደው ወጣቷ ንግሥት ናት፣ አሮጊቷ ከቤቷ አትወጣም። ታዲያ የተቆፈረባት ጣዝማ በምን አቅሟ ነው የምትሄደው?

ጅማ አካባቢ አንድ ቆፋሪ ማሩን ወስዶ ከሄደ በኋላ ጉድጓዱን አይቻለሁ። የእጭ ክፍሎቹ አፈር ላይ ተበትነዋል፣ ከተቀደዱት ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፣ ጉንዳን ወርሯቸዋል። ንግሥቷ ያበጠ ሆዷን እየጎተተች ጓል ሥር ትዳክራለች። የጣዝማ እጭ እንደ ማር ንብ እጭ በየጊዜው አይመገብም፤ ክፍሉ በምግብ ይሞላል፣ እንቁላል ይጣልበታል፣ ይታሸጋል። ከተቀደደ እጩ አይተርፍም ማለት ይቻላል።

ማር የምትፈልጉ ሰዎች፣ ማሩ ከሰምና ሙጫ በተሠሩ ትናንሽ ማሰሮዎች፣ ከእጩ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ከእነሱ ከፊሉን ብቻ በእጅ አንሡ፤ እጩን አትንኩ። ዋሻውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድናችሁ አፈሩን መልሱ፣ መግቢያውን ግን አትድፈኑ። ወደ ቀፎ የምታዛውሩም ንግሥቷ መግባቷን በዓይናችሁ ሳታዩ ክዳኑን አትግጠሙ።